የጾም ስኳር ምንድን ነው? የሽሮ ጉዳይ አይደለም

በቀደም አዘዞ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ያሉ ሰው፣ ስኳር እንዳለበት በቅርቡ ለተነገረው ዘመዳቸው ያብራራሉ፦ «የጾም ስኳር ማለት እኮ በጾም ወቅት የሚለካው ነው። የፍስኩ ሌላ ቁጥር አለው።» ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሣምና ዝም አልሁ። ያኔ የዋጥሁትን አሁን ልናገረው።

በላቦራቶሪ ሥራዬ ይህ ስሕተት ብርቅ አይደለም። በሁዳዴ አንዲት እናት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «እማማ፣ ጾመዋል?» አልኋቸው። «እንዴታ ልጄ! ከቅበላ ወዲህ ቅባት አልነካሁም!» ኋላ ሲያወጉኝ ግን፣ በሕመማቸው ምክንያት የንስሐ አባታቸው ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸው ኖሮ፣ እንጀራ በሽሮ በልተው ሁለት ስኒ ቡና በስኳር ጠጥተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉ ለእኔና ለእሳቸው አንድ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ «ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር የቀመሱት ነገር አለ?» እላለሁ።

በእኛ ሙያ የጾም ስኳር ማለት፣ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀመስ ቢያንስ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚለካ የደም ስኳር ነው። የሚቆጠረው ሰዓቱ እንጂ የምግቡ ዓይነት አይደለም። እንዲያውም ቁጥሩን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ከዶሮው ይልቅ ከሥሩ የተነጠፈው እንጀራ ነው።

ስለዚህ ዘመድ ደውሎ «ስኳሬ 165 ሆነ» ሲለኝ መልሴ «መቼ?» ነው። ሕክምና ለጀመሩ ለብዙዎቹ አዋቂዎች ግቡ ጠዋት በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ምግብ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። 165 ከምሳ በኋላ ደኅና ነው፤ በማለዳ ግን አይደለም።

የድንኳኑ ሰው በዚህ አላበቁም። «ሳይበላ ያደረ ሰው ጠዋት ከፍ ካለበት ማሽኑ ውሸታም ነው» አሉ። እዚህ ላይ ነው የምር የተናደድሁት። የጎንደሩን ወንዝ ቀሃን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ምግብን ዝናብ፣ ደምን ወንዝ እንበለው። በሐምሌ ዝናቡ ሲወርድ ወንዙ ይሞላል፣ ሲያባራ ይጎድላል። ነገር ግን ወንዝን የሚመግበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ምንጭም አለው። የእኛ ምንጭ ጉበት ነው። እኛ ተኝተን አንጎላችን ስኳር ስለሚፈልግ፣ ጉበት ካከማቸውና ራሱ ከሚሠራው ሌሊቱን ሲለቅ ያድራል። ልኩን የሚጠብቅለት ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ጉበት ኢንሱሊንን በወጉ አይሰማም፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ሌሎች ሆርሞኖች «ልቀቅ» ይሉታል። ወንዙ ያለ ዝናብ ሞልቶ ያድራል ማለት ነው። የጾም ስኳር በዋናነት የሚያሳየው ይህን ምንጭ ነው። እራት እየዘለሉ ጠዋት በቁጥሩ የሚደናገጡ ሰዎች ይህን የነገራቸው የለም።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ወንዙ ድንጋይ ላይ የተወውን ምልክት እንደማየት ነው፤ የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ ያሳያል። ምሳሌዬ የሚሰነጠቀውም እዚህ ነው፦ ድንጋዩ ስኳሩ የሚጣበቅበት ቀይ የደም ሴል ነው፣ ዕድሜውም 120 ቀን ያህል ነው። መተማ ወርዶ በወባ ተይዞ የተመለሰ ሰው ሴሎቹ ስለሚረግፉ ቁጥሩ ያለ አግባብ ሊያንስ ይችላል። የብረት እጥረት ደግሞ ያለ አግባብ ሊያስጨምረው ይችላል።

ማሽኑም ቢሆን ይስታል፤ ግን በሌላ ምክንያት። ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ የሚለካው ብርቱካኑም ጭምር ነው። ጥሩ ነው የሚባለው የጣት መለኪያ ራሱ 15 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ትናንት 142 ዛሬ 150 ብሎ መጨነቅ ከንቱ ነው።

ያልተጠየቅሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን፣ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ የሚችል ክኒን የሚወስድ ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን እዚያው ያቋርጥ፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ ይለካ።

እኒያ እናት በማግስቱ ምንም ሳይቀምሱ ማለዳ መጡ። 148 ሆነ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ልጄ፣ ይኼ የጾሙ ነው የፍስኩ?»