ሺህና እልፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼና እኅቶቼ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ትናንት ስልኬ ላይ የሰማሁት ዘፈን መሀል ላይ ይገባብኛል። ግጥሙን እንኳ አልወደውም። ግን ሳላስበው በቃሌ ይዤዋለሁ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ገላትያ 5፥21ን ጠቅሰን «ዘፋኝነት ኃጢአት ነው» እንልና እናልፋለን። ቃሉ እውነት ነው። ልጁ ግን ኃጢአት መሆኑን አላጣውም። የቸገረው ጆሮው እንቢ ማለቱ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ 1ኛ ሳሙኤል 18፥7 ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዳዊት ጎልያድን ጥሎ ሲመለስ ሴቶች ከየከተማው ከበሮ ይዘው ወጡ፤ እየተቀባበሉም «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ» ይሉ ነበር። እስቲ ዘፈኑን እዩት። አንድ መስመር ነው። ለአፍ ይመቻል፣ ልጅ እንኳ አንዴ ሰምቶ ይይዘዋል። ዛሬ በየስልኩ ከሚዞረው በምን ይለያል? ዳዊት በወንጭፍ የጣለው አንድ ጎልያድን ነው። ዘፈኑ ግን እልፍ አለ።

ሴቶቹ ክፉዎች ነበሩ እያልኩ አይደለም። ጎልያድ አርባ ቀን ጠዋትና ማታ እየወጣ ሲሰድበው የከረመ ሕዝብ ነው፤ በደስታ ቢጨፍር ማን ይፈርድበታል? ግን ሕዝብ ምን እንደሚወድ ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚዘፍነውን ስሙ። ይህ ሕዝብ ቀደም ሲል ሳሙኤልን እንደ አሕዛብ ሁሉ ንጉሥ አንግሥልን ብሎታል (8፥5)። የተሰጠውም ሳኦል ከሰው ሁሉ በትከሻ የሚበልጥ ሰው ነበር (9፥2)። ቁመት ለክቶ ደስ ያለው ሕዝብ ሲዘፍንም ለክቶ ዘፈነ። አንዱን ለማመስገን ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ዘፈኑ ከልባቸው ወጣ፣ ከዚያ ዞሮ ሰው ልብ ውስጥ ገባ።

ሳኦል ልብ ውስጥ። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይሄንን ነው። ከዚህ ዘፈን በፊት ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር። ሳኦልም ያርፍ ነበር፣ ይሻለውም ነበር፣ መንፈሱም ይርቅለት ነበር (16፥23)። ከዘፈኑ በኋላስ? 18፥10 «በነጋው» ይለናል። አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያለፈው። ያው ዳዊት ተቀምጧል። ያው በገና ነው፣ እንደ ወትሮው በእጁ ይደረድራል። ሳኦል ግን ጦሩን ወረወረበት።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ። በገናው አልተበላሸም። ደርዳሪውም አልተለወጠም። ትናንት የፈወሰው ድምፅ ዛሬ የማይፈውሰው የሳኦል ጆሮ በሌላ ዜማ ስለተያዘ ነው።

እኛስ? «መዝሙር እንደ ድሮው አይነካኝም» የምንል ብዙዎች ነን። ዘማሪውን እናማለን፣ ስብከቱ ረዘመ እንላለን። ማታ አልጋ ላይ ስልኩን ደረታችን ላይ አድርገን፣ አውራ ጣታችን ብቻ እየሠራ፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው እየመጣ እንቅልፍ እንደወሰደን ግን አናነሣም። በዚያ ሰዓት ምን ሰማን? ትዳር ማፍረስ ጀግንነት የሆነበት ድራማ። ደሀ የሚዋረድበት ቀልድ። ገንዘብ እየተበተነ የሚጨፈርበት ክሊፕ። ማንም «እመን» ብሎ አላስገደደንም፤ ሳቅን ብቻ፣ አብረን አንጎራጎርን ብቻ። ትናንት የሳቅንበትን ነገር ዛሬ ልጃችን ሲያደርገው በምን አፋችን እንቆጣው? የአምስት ዓመት ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ነውር በዜማ ሲል ቤቱ ሁሉ እያጨበጨበ ሲቀርጸው አይቻለሁ። ልጁ ሲጨበጨብለት ደግሞ ደገመው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ያ የሺህና የእልፍ ቆጠራ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። እገሌ የሚባለው መምህር ሺህ ሰው አየው፣ ያኛውን ግን እልፍ አየው እንባባላለን። የዘማሪ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆነን ኮሜንት ላይ እንሰዳደባለን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቪዲዮውን ሼር ያደርጋል፤ በዓል ሲመጣ ታቦት ፊት ቆመን ካሜራ ፈልገን ዞር እንላለን። ይሄ ከየት መጣ? ወንጌል አላስተማረንም። ዓለም በሚቆጥርበት ቁጥር መቁጠር ለምደን ነው። ስንት ሳኦል ሠራን? በላይክ ብዛት ወንድሙን በክፉ ዓይን ማየት የጀመረ ስንት አገልጋይ አለ? እባካችሁ፣ ንስሐ እንግባ። እኔም ከናንተ ጋር ነኝ።

ለዚያ ልጅና እንደ እሱ ለምትጨነቁ ግን ሌላ ነገር አለኝ። ያ ዘፈን ድንበር ተሻግሮ ነበር። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የፍልስጥኤማውያን ከተማ ጌት ሲገባ የንጉሥ አንኩስ ሰዎች ያወቁት በዘፈኑ ነው፤ ስለ እርሱ የተዘፈነለት ይህ አይደለምን አሉ (21፥11)። ዳዊት ፈራ። እንደ እብድ ሆኖ የበሩን ሳንቃ ቧጠጠ፣ ለሃጩን በጢሙ ላይ አዝረከረከ። የዘፈኑ ጀግና እዚህ ድረስ ወረደ። ከዚያ ውርደት ግን መዝሙር 33 (በሌላው አቆጣጠር 34) ወጣ፤ አርእስቱ ያን ቀን ያስታውሳል። «እግዚአብሔርን ሁልጊዜ እባርከዋለሁ፤ ምስጋናው ዘወትር በአፌ ነው።» ዘፈኑ ያስጨነቀው ሰው አፉን ዝም አላሰኘውም፣ በሌላ ሞላው። ልባቸው ለተሰበረ እግዚአብሔር ቅርብ ነው የሚለውም እዚያው ነው። ደግሞ ይገርማችኋል፣ ከዓመታት በኋላ የፍልስጥኤም አለቆች ይህንኑ ዘፈን ጠቅሰው፣ በስደት ከእነርሱ ጋር የነበረውን ዳዊትን ከእስራኤል ጋር ከሚዋጉበት ጦርነት መለሱት (29፥5)። በዚያ ጦርነት ሳኦልና ልጆቹ ጊልቦዓ ላይ ወደቁ። ዳዊት በወገኖቹ ላይ ሰይፍ ሳይመዝዝ ቀረ። እግዚአብሔር ያችኑ ዘፈን እንኳ ለማዳን ተጠቀመባት።

ልጁን ጠዋት ስልክ ከመንካትህ በፊት መዝሙር 33ን ጮክ ብለህ አንብብ አልኩት። በልብህ አይደለም፣ ጆሮህ ይስማ። ትናንት ደወለልኝ። ዘፈኑ አሁንም ይመጣል አለኝ። ግን «ቅመሱ፣ እግዚአብሔርም ቸር እንደ ሆነ እዩ» የሚለው ከኋላው እየተከተለ ይመጣል፤ ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ሳያውቀው ድምፁን አውጥቶ ብሎት አጠገቡ የተቀመጡ እናት «አሜን» አሉት።