ቀዳሚት ሰንበት ምንድን ናት?

ከስቅለት ማግስት ካህናት ለምእመናን ቀጤማ የሚያድሉባት ቅዳሜ «ቀዳም ሥዑር»፣ በሕዝቡ አነጋገር ደግሞ «ቀዳም ሹር» ትባላለች፤ የተሻረች ቅዳሜ ማለት ነው። ይህ ስም የወጣላት በዓመቱ ካሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ የሚጾምባት እርሷ ብቻ በመሆኗ ነው፤ ጌታ በመቃብር ያደረባትን ቀን አቅሙ የፈቀደለት ምእመን እያከፈለ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ከእህልና ከውኃ ተለይቶ፣ ያስባታል። አንዲቱ «ተሻረች» ከተባለች ሌሎቹ አልተሻሩም ማለት ነውና፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅዳሜ የምታስተምረውን ለመረዳት ከዚህ ስም የተሻለ መነሻ አላውቅም።

«ሰንበት» ከዕብራይስጡ «ሻባት» ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ማቆም፣ ማረፍ ነው፤ እግዚአብሔር ሥራውን ፈጽሞ በሰባተኛው ቀን ማረፉን ከሚናገረው ከኦሪት ዘፍጥረት ይነሣል። «ቀዳሚት» ፊተኛይቱ፣ የመጀመሪያይቱ ማለት ነው፤ በየቀኑ የምንጠራው «ቅዳሜ» የሚለው ስም ራሱ የተወለደው ከዚህ ቃል ነው። «እሑድ» ደግሞ ከግእዙ «አሐዱ» የመጣ የሳምንቱ አንደኛ ቀን ስም ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አስቀድማ ሰንበት የሆነችው ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት ትባላለች፤ እሑድ ግን የጌታ ትንሣኤ የተፈጸመባት ስለሆነች «ሰንበተ ክርስቲያን» ትባላለች። በኢትዮጵያ ትውፊት ሁለቱም ሰንበት ናቸው፤ አንዲቱ ሌላይቱን አልተካቻትም።

ይህ አቋም በክርስትናው ዓለም በብዛት ከሚሰማው የተለየ ነው። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ጌታ በእሑድ መነሣቱን፣ የሐዋርያት ሥራም በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንጀራ ለመቍረስ ስለ ተሰበሰቡት ደቀ መዛሙርት መናገሩን ይዘው እሑድን ብቻ ያከብራሉ። ቆስጠንጢኖስ በ321 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እሑድን በሕግ የዕረፍት ቀን አደረገ፤ በዚያው በ4ኛው መቶ ዘመን የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤም ክርስቲያኖች እንደ አይሁድ በቅዳሜ ሥራ እንዳይፈቱ ከለከለ። በ1863 የተደራጀው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን በአንጻሩ አራተኛው ትእዛዝ የሚያዘው ቅዳሜን ነው፣ ቀኑን የመለወጥ ሥልጣንም ለማንም አልተሰጠም ብሎ ያስተምራል። ሉተራውያን በ1530 ባቀረቡት የእምነት መግለጫ እሑድ የተመረጠው ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ቀን እንዲያውቅ ነው እንጂ ቀኑ በራሱ ለመዳን አስፈላጊ ስለሆነ አይደለም አሉ፤ ጳውሎስ ለሮሜና ለቈላስይስ ሰዎች ስለ ቀናት የጻፈውን የሚጠቅሱ ሰዎችም ከዚሁ ሐሳብ አይርቁም። ሁለቱንም ቀኖች ማክበርን የሚያዝዘው ትምህርት ግን በ4ኛው መቶ ዘመን በሶርያ አካባቢ በተዘጋጁ የሐዋርያት ሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ወደ እኛ «ዲድስቅልያ» እና «ሲኖዶስ» በተባሉት የሥርዓት መጻሕፍት በኩል ደርሷል። የሀገራችን መነኮሳት ለቅዳሜ ሲሟገቱ «የሐዋርያት ትእዛዝ ነው» ይሉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአይሁድ ተበደረ የሚለው ክስ ይህን ሥር ሳያይ ያልፋል።

ነገሩ እዚህ አገር የደረሰበትን ጥልቀት ለመረዳት በ14ኛው መቶ ዘመን ሁለቱም ሰንበቶች ይከበሩ ብለው ወዳስተማሩት መነኩሴ ወደ አባ ኤዎስጣቴዎስ መሄድ ይገባል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከግብፅ የሚላክ ስለነበረና የእስክንድርያ መንበርም ቅዳሜን እንደ ሰንበት ስለማያከብር፣ ሁለቱን ሰንበቶች የሚያስተምር መነኩሴ ከጳጳሱ ጋር መጋጨቱ አይቀርም ነበር። ኤዎስጣቴዎስ በ1330ዎቹ መጨረሻ አገራቸውን ለቀው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል እስከ አርመን ተጓዙ፤ በ1352 ያረፉትም በዚያው በአርመን ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ተመልሰው ትምህርቱን በሰሜን አስፋፉ፤ በዛሬዋ ኤርትራ የሚገኙት የአባ ፊልጶስ ደብረ ቢዘንና የአባ አብሳዲ ደብረ ማርያም የዚህ ማኅበር ፍሬዎች ናቸው።

እኔን ይልቅ የሚከብደኝ እነዚህ መነኮሳት የከፈሉት ዋጋ ነው። ከጳጳሱ ክህነት አይቀበሉም፣ ጳጳሱም አይሰጣቸውም ነበር። ክህነት ከሌለ ቅዳሴ የለም፣ ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም፤ ስለ አንዲት ቀን ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የተለየ ገዳም ያችን ቀን በሙሉ ክብሯ ሊያከብርባት የሚገባውን ምሥጢር ራሱን ሊያጣ ይችላል። የሰንበት ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን አባልነት ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በ1400 ዐፄ ዳዊት አባ ፊልጶስን ወደ ቤተ መንግሥት አስጠሩ፤ ጳጳሱ አባ በርተሎሜዎስ ባሉበት ተጠይቀው እምነታቸውን አልተውም ስላሉ በሐይቅ ገዳም ታሰሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሡ ፈትተው የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜን ማክበር እንዲችሉ ፈቀዱ፤ ከጳጳሱ ጋር የነበረው መለያየት ግን አልቀረም።

መለያየቱ የተዘጋው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 በሸዋ በተጉለት በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የቅዳሜን መከበር ተቀበሉ፣ የኤዎስጣቴዎስ ማኅበርም ከእነርሱ ክህነት ለመቀበል ተስማማ። አንዱ ወገን ቀኑን፣ ሌላው ወገን ሥልጣኑን ተቀበለ፤ ማንም ሙሉ በሙሉ አሸንፎ አልወጣም፣ ሁሉም ግን ከአንድ ጽዋ ለመቀበል ቻለ። ያው ንጉሥ በሌላ ክርክር ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት በብርቱ ያሳደደ መሆኑን ስናስታውስ፣ በደብረ ምጥማቅ የታየው ዕርቅ የዘመኑ ልማድ እንዳልነበረ እንረዳለን። ጉባኤው ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ስለዚህ ይመስለኛል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ኢትዮጵያውያንን «ቅዳሜን በማክበራችሁ አይሁዳውያን ናችሁ» ብለው ሲከሱ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ መልስ ሰጡ። ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱ፣ እሳት እንደማያነዱ፣ ምግብ እንደማያበስሉና ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱ አይሁድ አይደለም፤ ቅዱስ ቁርባን እያቀረብንና ማዕድ እያዘጋጀን አባቶቻችን ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙን ነው፤ ደግሞም ክብሯን ከአዲሲቱ ቀን ከእሑድ ጋር አናስተካክልም የሚል ነበር ሐሳባቸው። በእኔ ዕይታ ቀዳሚት ሰንበት ምን እንደሆነች ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የጠራ መልስ አልተጻፈም፤ የቀኗን ክብር በሚቀርበው ቁርባንና በሚዘረጋው ማዕድ ይለካልና። ወደ ካቶሊክ የገቡት ዐፄ ሱስንዮስ የቅዳሜን ዕረፍት በከለከሉ ጊዜ ሕዝቡ አመፀ፤ ንጉሡም በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

ዛሬ ይህ ትምህርት የሚታየው በትናንሽ ሥርዓቶች ነው። በቅዳሜና በእሑድ የንስሐ ስግደት አይሰገድም። በዐቢይ ጾም እንኳ ሥጋና ወተት ባይበላም፣ እንደ ሌሎቹ ቀናት እስከ ተሲዓት ከምግብ መከልከል በሁለቱ ሰንበቶች የለም። በብዙ የገጠር አጥቢያዎች ቅዳሜ ሞፈር አይነሣም፣ እህል አይፈጭም። ይሁንና በብዙ ከተሞቻችን ትልቁ ገበያ የሚቆመው በቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ክብር ከእሑድ ዝቅ ያለ መሆኑ በሕዝቡም አኗኗር ይታያል።

የቤተ ክርስቲያን አባል መሆንም ከሰንበት ጋር እንዴት እንደተያያዘ የሚያሳየው ሰንበቴ ነው። የአንድ አጥቢያ ምእመናን ተራ ገብተው፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ዳቦና ጠላ አቅርበው፣ ካህኑ ባርከው፣ ከነዳያን ጋር አብረው ይቀምሳሉ። አንድ ኦርቶዶክሳዊ የየትኛው ደብር ሰው እንደሆነ ሲጠየቅ የሚናገረው የተጠመቀበትን፣ የነፍስ አባቱ የሚያገለግሉበትን፣ ሰንበቴ የሚጠጣበትን ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ አባልነት በግል ምስክርነት፣ በጥምቀትና በመዝገብ የሚጸና ሲሆን፣ አድቬንቲስቶች ደግሞ ከመጠመቅ በፊት የቅዳሜን ሰንበት ከሌሎች ትምህርቶቻቸው ጋር መቀበልን ይጠይቃሉ። ስለዚህ በአገራችን «የትኛውን ቀን ታከብራለህ?» ብሎ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ «የማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለረጅም ዘመን የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለነበረ፣ በዚያ ለሥራ የሄዱ ክርስቲያኖች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ዋና ጉባኤያቸውን በዓርብ ሲያደርጉ ኖረዋል። ቅዳሜና እሑድ በአሠሪ ቤት የምትውል እኅት ቅዳሴ የምታገኘው በዓርብ ብቻ ከሆነ በዓርብ ትቆርባለች። እኔ እስከማውቀው ድረስ እንደዚህ ያለችውን ሴት «ሰንበትን ሽረሻል» ብሎ ከቁርባን የመለሰ ካህን አልሰማሁም።