የመዥገር እጭ ኢንዛይም አልጠፋም፤ የሳታችሁት ፒኤቹን ነው

«የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4 ነው፤ ስለዚህ ደም የሚፈጨው ኢንዛይምም በዚያው ይለካል።» ከመዥገር እጭ ኢንዛይም ማጣራት የሚጀምር ሁሉ ይህን ይዞ ይመጣል፤ መልሱን መደጋገም ሰልችቶኛል። ስህተት ነው።

ትንኝ የጠጣችውን ደም የምትፈጨው በአንጀቷ ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ትሪፕሲን በተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው፤ ትሪፕሲን ደግሞ ፒኤች 8 አካባቢ ይስማማዋል። መዥገር እንደዚያ አይደለም። ሄሞግሎቢኑን (ቀዩን የደም ፕሮቲን) የአንጀቱ ህዋሶች ይውጡታል፤ የሚቆራረጠውም በህዋሱ ውስጥ ባሉ አሲዳማ ከረጢቶች ነው። እዚያ የሚሠሩት ካቴፕሲን ዲ፣ ቢ እና ኤል የተባሉ ፕሮቲን ቆራጮች አሲድ ይፈልጋሉ።

አንድ ተማሪዬ «ኢንዛይሙ ኮለሙ (ፕሮቲኖች የሚለዩበት ቱቦ) ላይ ይጠፋብኛል» እያለ ሦስት ወር እጭ ሲፈጭ ከረመ። የሚለካበትን ባፈር (ፒኤችን ሳይለወጥ የሚያቆይ ፈሳሽ) ጠየቅኩት፦ ትሪስ፣ ፒኤች 8። ያንኑ ናሙና በአሲቴት ባፈር፣ ፒኤች 4 ላይ አስለካሁት። ሄሞግሎቢኑ በዚያው ከሰዓት ተቆራርጦ አየነው። ሦስት ወር፣ ያ ሁሉ እጭ!

እባካችሁ ኮለም ከመንካታችሁ በፊት ጥሬውን ጭማቂ ከፒኤች 3 እስከ 9 ለኩት። ቀጥሎ ማገጃ (ኢንዛይም የሚያስቆም ኬሚካል) ሞክሩበት፦ ፔፕስታቲን ካስቆመው የካቴፕሲን ዲ ወገን ነው፤ ኢ-64 ካስቆመው የቢና የኤል ወገን ነው። ለእነዚህ ለኋለኞቹ ዲቲቲ ወይም ሲስቴይን (ኦክሲጅን እንዳይጎዳቸው የሚከላከሉ ኬሚካሎች) ጨምሩ፤ አለዚያ በኦክሲጅን ምክንያት ሥራ ያቆማሉ።

«ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የማገጃ ድብልቅ ናሙናውን ይጠብቃል» የሚሉም አሉ። የምትፈልጉት ራሱ ፕሮቲን ቆራጭ ነው እኮ! ድብልቁ ብዙ ጊዜ ኢ-64 አለበት፤ እሱ አንዴ ከያዘ በዲያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን በስስ ሽፋን አጥቦ በማውጣት) አይለቅም።

እጩ ስድስት እግር ስላለው ነፍሳት ነው የሚለውም ስህተት ነው፤ የሸረሪት ዘመድ ነው፣ ሲያድግ ስምንት ይሆናል።

«ደም ያልጠጣ እጭ ምን የሚፈጭ ኢንዛይም ይኖረዋል?» ይኖረዋል። ከእንቁላሉ ይዞት የወጣውን ቪተሊን የተባለ የአስኳል ፕሮቲን እየፈጨ ነው የሚቆየው። እንዲያውም የሌላ እንስሳ ሄሞግሎቢን ስለማያጥለቀልቀው ለማጣራት ይቀላል።

ፕሮቲኖችን በክብደት በሚለየው ጄል ላይ አንድ መስመር መታየቱም ንጹህ ነው አያሰኝም፤ ክብደታቸው የተቀራረበ ሁለት ፕሮቲኖች አብረው ይወርዳሉ። በየደረጃው በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ስንት ዩኒት (የኢንዛይም ሥራ መለኪያ) እንዳገኛችሁ መዝግቡ። ሙሉ እጭ ፈጭታችሁ ያገኛችሁትንም ወዲያው «የአንጀት ኢንዛይም» አትበሉት፤ ምራቅ እጢውም አብሮ ተፈጭቷል። በፀረ እንግዳ አካል አንጀቱ ውስጥ መኖሩን አሳዩ፣ ስሙን ከዚያ ስጡት።