የማሽተት ተቀባይ ላይሴት ምንድን ነው?

ላይሴት ማለት ሕዋሳት ፈርሰው ውስጣቸው የነበረው ሁሉ የወጣበት ፈሳሽ ነው። ይኼኛው ልዩ የሚሆነው ሕዋሳቱ ከመፍረሳቸው በፊት አንድ የማሽተት ተቀባይ ፕሮቲን (በአፍንጫ ነርቭ ሕዋስ ላይ ሆኖ ሽታን የሚይዝ) ከልክ በላይ እንዲያመርቱ በመደረጋቸው ነው።

ለምን ከልክ በላይ? ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉት የጂን ቤተሰብ ውስጥ በሰው ላይ የሚሠሩት 400 ገደማ ናቸው (ሁለቱ በ2004 ኖቤል ተሸልመውበታል)። አንድ የአፍንጫ ነርቭ ሕዋስ ግን በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይመርጣል። ስለዚህ ከአፍንጫ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የምንፈልገው ተቀባይ ከሌሎቹ መካከል ጠፍቶ ይቀራል።

ሥራው ብዙውን ጊዜ ለሄክ 293ቲ ሕዋሳት ይሰጣል። ምንጫቸው የሰው ፅንስ ኩላሊት ነው። ኩላሊትና ሽታ ምን አገናኛቸው? ምንም፤ የተመረጡት ባዕድ ዲኤንኤ በቀላሉ ስለሚቀበሉ ነው። የተቀባዩን ጂን የያዘ ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ይገባላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ፍላግ የሚባል ባለ 8 አሚኖ አሲድ መለያ በፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ይቀጠላል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሳሙና መሰል ኬሚካል ባለበት ፈሳሽ ይፈርሳሉ። የሕዋሱ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን እንዳይቆራርጡት መከላከያ ይጨመራል፤ የተረፈው በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ይቀመጣል።

ዋናው ጥቅሙ አንቲቦዲን፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲንን፣ መፈተን ነው። የማሽተት ተቀባዮች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ከሌላው የሚለይ አንቲቦዲ ማግኘት ከባድ ነው። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ውስጥ በመጠን ለይቶ፣ አንቲቦዲ የያዘውን በመስመር መልክ የሚያሳይ ዘዴ) ላይ ይህ ላይሴትና ባዶ ፕላዝሚድ ከገባላቸው ሕዋሳት የተሠራው ጎን ለጎን ይሮጣሉ። መስመሩ በሁለቱም ላይ እኩል ከታየ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ፕሮቲን ነው። በመጀመሪያው ላይ ብቻ መታየቱም ቢሆን ግማሽ ማስረጃ ነው፤ እንዲህ በተትረፈረፈበት ያገኘ አንቲቦዲ፣ ጥቂት ብቻ ባለበት እውነተኛ ናሙና ላይም ያገኛል ማለት አይደለም።

ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ ማፍላት። ለዌስተርን ብሎት ናሙናን በ95 ዲግሪ ማሞቅ የተለመደ ነው። ይህ ፕሮቲን ግን የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጥ፣ ውኃ የማይወድ ነውና ሲፈላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ከጄሉ አናት ላይ ይቀራል። 35 ኪሎ ዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይጠበቅ የነበረው መስመር ሲጠፋ «ፕሮቲኑ አልተመረተም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ጥፋቱ ግን የሙቀቱ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ37 ዲግሪ፣ ደግሞ መሞከር ይሻላል።

ላይሴቱ ራሱ አያሸትም። ሽታ ሲነካው ምላሽ የሚሰጥ ተቀባይ የሚፈልግ ሰው በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ያስፈልጉታል፤ ተቀባዩን ወደ ሕዋሱ ገጽ የሚሸኙ እንደ አርቲፒ1 ያሉ አጋዥ ፕሮቲኖችም ቢታከሉ ይመረጣል። ብዙዎቹ የማሽተት ተቀባዮች በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ያለ አጋዥ ወደ ገጽ መውጣት ይቸግራቸዋልና። ሕዋሱ ከፈረሰ በኋላ ግን ገጽ ላይ የደረሰውም ውስጥ የቀረውም አንድ ላይ ስለሚደባለቅ፣ በብሎቱ ላይ የደመቀ መስመር የቱ የት እንደነበር አይነግረንም።