«የኔ 40 ነው፣ ያንተ 3»፦ በካሜራ ዙም የምንሸወድባቸው ነገሮች

አጎቴ ለጥምቀት ከውጭ መጥተው ነበር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠናል። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ካሜራ አወጡና ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጧት። ከሞባይል ትንሽ ወፈር ትላለች።

«ያንተ ስንት ኤክስ ነው?» አሉኝ።

አንገቴ ላይ ዲኤስኤልአሬ፣ ሌንሱ እየተነቀለ የሚቀየረው ትልቁ ካሜራዬ፣ ተንጠልጥሏል። ሌንሱ ከካሜራው ጋር አብሮ የተሸጠልኝ 18-55 ሚሊሜትር ነው።

«ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

«የኔ አርባ!» ሳቃቸው ቡና የምታፈላዋን ልጅ ሳይቀር አዞራት። «ይሄን ሁሉ ብረት ተሸክመህ ሦስት? ገንዘብህን በልተውሃል!»

መልሱ በአቦል የሚያልቅ ስላልነበረ በረካ ድረስ ተሟገትን። ክርክራችንን በየተራው ላውጋችሁ። ያው ክርክር ሰርግ ቤትም፣ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅም ውስጥ ስለሚሰማ የአጎቴ ብቻ አይደለም።

«40ኤክስ ከ3ኤክስ የበለጠ ያቀርባል»

ኤክስ የርቀት መለኪያ አይደለም። የማካፈል ውጤት ነው። የሌንሱን ትልቁን ሚሊሜትር ለትንሹ ታካፍላላችሁ፣ በቃ። 55 ለ18 ሲካፈል 3 ነው። ቁጥሩ ሌንሱ ከራሱ መነሻ ስንት እጥፍ እንደሚሄድ ይናገራል። መነሻው የት እንደሆነ ግን አይናገርም። አንድ ሰው «በታክሲ አሥር ፌርማታ ሄድኩ» ቢላችሁ፣ ከየት እንደተሳፈረ ሳትጠይቁ የት እንደወረደ ታውቃላችሁ?

አንድ ማሳያ። 18-200 ሌንስ 11ኤክስ ነው። 70-300 ደግሞ 4ኤክስ ገደማ። በአንድ ካሜራ ላይ ሲገጠሙ አርቆ የሚያየው ባለ 4ኤክሱ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። የስፖርት ፎቶ አንሺዎች የሚሸከሙት ያ መድፍ የሚያህለው 600 ሚሊሜትር ሌንስ ጭራሽ ዙም የለውም። በአጎቴ ሂሳብ 1ኤክስ ነው። ይህን ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«300 ሚሊሜትር የትም 300 ነው»

እዚህ ላይ ካሜራዋን አገላብጬ ፊቷን አሳየኋቸው። ሌንሷ ዙሪያ በደቃቅ ጽሑፍ 4.3-172 ይላል። «ታዲያ 172 ናት ማለት ነው? ካንተ ሦስት እጥፍ ብቻ?» አሉኝ። አሁን ደግሞ በተቃራኒው ተሳሳቱ።

ሚሊሜትሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያቀርብ ከኋላው ያለው ሴንሰር፣ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል፣ አብሮ ይወስነዋል። በትንንሾቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ወርዱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የምስር ፍሬ በሉት። ከሌንሱ የመጣውን ምስል መሃሉን ብቻ ቆንጥሮ ስለሚወስድ ነገሩ የቀረበ ይመስላል። ለዚህ ነው ሁሉም ካሜራ በድሮው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ሚዛን የሚነጻጸረው። እንደ አጎቴ ላለ ካሜራ ሚሊሜትሩን በ5.6 ታባዛላችሁ። 4.3 ወደ 24፣ 172 ወደ 960 ይሆናል። ለኔ ካኖን ዲኤስኤልአር ማባዣው 1.6 ነው፤ ለአቻዎቹ ኒኮኖች 1.5። የኔ 18-55 ስለዚህ 29-88 ነው።

እንግዲህ ሲገዛ የሚጠየቀው ኤክሱ አይደለም። «በ35 ሚሊሜትር ሚዛን ከስንት እስከ ስንት ነው?» ነው። ሻጩ ባያውቀው እንኳ የካሜራው ካርቶን ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ አይጠፋም።

ያን ቁጥር ካገኛችሁ አንድ ቀላል ሂሳብ አለ። ርቀቱን በሜትር በ36 አባዙና ለሚሊሜትሩ አካፍሉት። ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት ይወጣል። ስሜን ተራሮች ወጥታችሁ 100 ሜትር ርቆ ገደል ላይ የቆመ ዋልያ አያችሁ እንበል። በኔ 88 ፎቶው ውስጥ የሚገባው 41 ሜትር ያህል ገደል ነው፤ ዋልያው ነጥብ ይሆናል። በአጎቴ 960 ግን 4 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዋልያው ከነቀንዱ ፎቶውን ይይዛል። ጭላዳ ከሆነ ግን ግድ የለም። እሱ ሰው አይሸሽም፤ ጥቂት ሜትር አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ በ55 ታነሱታላችሁ።

«ትልቅ ካሜራ ሁልጊዜ አርቆ ያያል»

አያይም። ይህን ለአጎቴ በግልጽ አምኛለሁ። እኔ 960 ላይ ለመድረስ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልገኛል። 150-600 የሚባሉት ሌንሶች ብቻቸውን ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። የአጎቴ ካሜራ ሁሉ ነገሯ ተደምሮ 300 ግራም ናት። በ2018 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ1000 ደግሞ 125ኤክስ ነው፤ ከ24 እስከ 3000። እዚያ የሚደርስ የዲኤስኤልአር ሌንስ ልግዛ የሚል ሰው ቤት ቢሸጥ ይሻለዋል።

«ካቀረበ ምን ቀረው?»

ብርሃን ቀረ። ጥር 11 ንጋት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ሁለታችንም ነበርን። ጸሎቱ እየተደረሰ ነው፣ ሰማዩ ገና አመድማ ነው፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። አጎቴ ከውሃው ማዶ ያሉትን ካህን እስከ መስቀላቸው ጫፍ ድረስ አቀረቡ። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ደስ አላቸው። ቤት ገብተን ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው ግን የካህኑ ፊት እንደረጠበ የውሃ ቀለም ሥዕል ሟሟ። የኔ ፎቶ ላይ ካህኑ የጣት ጥፍር ያህላሉ። ግን የካባቸው ጥልፍ ይቆጠራል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ የኔ ሴንሰር ወርዱና ቁመቱ ተባዝቶ የሳቸውን 12 እጥፍ ገደማ ነው፤ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ሁለተኛው ካሜራዋ ፊት ላይ ከ4.3-172 ቀጥሎ ተጽፏል፦ 3.3-6.9። ይህ የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ከሌንሱ ሚሊሜትር አንጻር ይጠባል። ዙሙ ሳይዘረጋ 3.3 ነው፤ መጨረሻው ላይ 6.9። ከ3.3 ወደ 6.9 ሲሄድ የሚገባው ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ካሜራው ያንን ለማካካስ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ይሰቅላል፣ ምስሉ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ራሱ ሊያለሰልሰው ይሞክራል። ያ ነው የሟሟው ፊት።

ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲወጣ፣ ወጣቶቹ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ ያነሱት ግን ሌላ ነገር ነበር። የውሃው ፍንጣቂ አየር ላይ ቀርቷል። ያን ፎቶ ቀናሁበት። በኔ 18-55 አይገኝም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ለጥንት ሥዕል አይበጅም። ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ የወጡት በኔ ካሜራ ነው።

«ዲጂታል ዙምም ያው ዙም ነው»

መቀስ ነው። የተነሳውን ፎቶ ቆርጦ መሃሉን መለጠጥ ነው። ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ስልኮች ላይ የሚጻፈው 100ኤክስም አብዛኛው ከዚህ ዘር ነው።

«ዙም ከኋላ ያለውን ጎትቶ ያመጣል»

ይህኛው ፎቶ አንሺዎችን ራሳቸውን ያሳስታል። ዙም ምንም አይጎትትም። ነገሩን የሚለውጠው የቆማችሁበት ቦታ ነው።

ሙሽራ ፋሲል ግቢ ውስጥ ልታነሱ ነው። ግንቡ ከሷ 40 ሜትር ኋላ ነው እንበል። እናንተ ከሷ 3 ሜትር ቆማችኋል። ግንቡ ከሷ 14 ጊዜ ያህል ይርቃችኋል፤ ስለዚህ ከትከሻዋ ኋላ መጫወቻ ይመስላል። አሁን 15 ሜትር እስክትርቁ ወደ ኋላ ሂዱ። ሙሽራዋ 15 ሜትር ላይ ናት፣ ግንቡ 55 ላይ። ልዩነቱ አራት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ሙሽራዋ እንደ በፊቱ እንድትገዝፍ ዙሙን አምስት እጥፍ ዘርጉ። የግንቡ ክብ ማማ ከበስተኋላዋ ወደ አራት እጥፍ አድጎ ይቆማል። ሥራውን የሠራው እግራችሁ ነው። ዙሙ የረዳችሁ ፍሬሙን በመሙላት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የአጎቴ ካሜራ ከኔ 18-55 ትሻላለች። የኔ አምስት እጥፍ አይሄድማ።

«ዋናው ማቅረቡ ነው፣ ሰፊው ጎን ምን ያደርጋል?»

ጎንደር ለሚኖር ሰው ሰፊው ጎን ይበልጣል ባይ ነኝ። ፋሲል ግቢ ዙሪያው 900 ሜትር ግንብ ነው፤ ውስጡ ግን ወደ ኋላ ለመሸሽ እንደልብ የማይመችበት ቦታ አለ። 10 ሜትር ላይ ቆማችሁ በ24 ስታነሱ 15 ሜትር ስፋት ይገባል። በኔ 29 ከ12 ሜትር ተኩል አያልፍም። ሁለት ሜትር ተኩል ግድግዳ ቀረ ማለት ነው።

«መንቀጥቀጡን ካሜራው ራሱ ያጠፋዋል»

የእጃችሁን ያህል ያጠፋል። የአየሩን አያጠፋም። እኩለ ቀን ላይ ከጎሃ ተራራ ሆናችሁ ከተማዋን በ960 ብታዩ ግንቦቹ እንደ ጭስ ይወዛወዛሉ። የሞቀ አየር ነው። ሌንስ ብትቀይሩም ያው ነው፤ ጠዋት በጊዜ ተመለሱ።

«ትልቅ ከሆነ ዲኤስኤልአር ነው»

ይህን ያነሳሁት አጎቴ በመጨረሻ «እሺ፣ እንዳንተው ትልቁን እገዛለሁ» ስላሉ ነው። መያዣውም ጉብታውም ቁርጥ ዲኤስኤልአር የሚመስል፣ ውስጡ ግን የትንሿ ካሜራ ሴንሰር የሆነ ካሜራ ሞልቷል። ያ ፒ1000 ራሱ ከ1 ኪሎ ከ400 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ሴንሰሩ ግን ከአጎቴ ካሜራ አይበልጥም። መጥፎ ካሜራ ነው ማለቴ አይደለም። ለዋልያ እሱን እመርጣለሁ። ለንጋት ጥምቀት ግን በዲኤስኤልአር ዋጋ እንዳይሸጥልዎ አልኳቸው።

«እና በምን ልለየው?»

«ሻጩን ‹ሌንሱን ንቀልልኝ› ይበሉት።»