ወተቱ የት ገባ? በ«አኒማል ፋርም» ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» አሥር አጫጭር ምዕራፎች ያሉት ቀጭን መጽሐፍ ነው። የአንድ እርሻ እንስሳት ጌታቸውን ጆንስን ያባርራሉ፤ አሳማዎቹ ቦታውን ይወርሳሉ፤ በመጨረሻ ከሰው የማይለዩ ይሆናሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ሳያነቡት የሚናገሩለት ሰዎች መብዛታቸው ያናድዳል።

«ስለ ደርግ የተጻፈ ነው።» አይደለም። የታተመው ነሐሴ 1937 ዓ.ም. ነው፤ የኛ አብዮት ከመፈንዳቱ 29 ዓመት በፊት። የሚተርከው የሶቪየት ኅብረትን ታሪክ ነው። የኛ አንባቢ ራሱን የሚያይበት ምክንያት ግን አለው። ጆንስ ከተባረረ በኋላ ግድግዳ ላይ ከተጻፉት ሰባት የእርሻው ትእዛዛት እንስሳት እርስ በርስ እንዳይገዳደሉ የሚከለክለው ስድስተኛው፣ አሳማዎቹ ካስፈጸሙት ጭፍጨፋ በኋላ ሲነበብ «ያለ ምክንያት» የሚል ተጨምሮበት ይገኛል። «ያለ ምንም ደም» ሲባል ቆይቶ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ መረሸናቸውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

«ኦርዌል የሶሻሊዝም ጠላት ነበር።» ሶሻሊስት ነበር። እስፔን ዘምቶ የፍራንኮን ጦር ሲወጋ በ1937 እ.ኤ.አ. ጉሮሮውን በጥይት ተመትቷል።

«በመጨረሻ እንስሳቱ አሳማዎቹን ይገለብጣሉ።» ይህ በሲአይኤ ገንዘብ ተሠርቶ በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የካርቱን ፊልም ፍጻሜ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው አሳማና ሰው በካርታ ጨዋታ ተጣልተው ሲጯጯሁ ነው።

«ስኖውቦል ባይባረር ኖሮ አብዮቱ ይቃና ነበር።» ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይሄኛው ነው። ስኖውቦልና ናፖሊዮን እርሻውን ለመምራት የሚሻሙ ሁለት አሳማዎች ናቸው። ይህን የሚል ሰው ጥፋቱን የሚጀምረው ከምዕራፍ 5 ነው፤ ናፖሊዮን ዘጠኝ ውሾቹን ለቆ ስኖውቦልን ካባረረበት ቀን። እስቲ ወደ ምዕራፍ 2 መጨረሻ ይመለስ። ላሞቹ ታልበው አምስት ባልዲ ወተት ተቀምጧል። ወተቱ ምን ሊደረግ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ናፖሊዮን ባልዲዎቹ ፊት ይቆምና «እሱ ይታሰብበታል፣ ይልቅ አጨዳው ይቅደም» የሚል መልስ ይሰጣል። እንስሳቱን ወደ ማሳው እየመራ የሚወስዳቸው ማን ነው? ስኖውቦል! ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም። ምዕራፍ 3 ላይ በየቀኑ ከአሳማዎቹ መኖ ጋር ይቀላቀል እንደነበር ይገለጣል። ቀጥሎ ፖም ይደርሳል፤ እንስሳቱ እኩል እንካፈላለን ሲሉ ሁሉም ለአሳማዎች እንዲሆን ይታዘዛል። በሌላው ነገር ሁሉ የሚጣሉት ናፖሊዮንና ስኖውቦል እዚህ ላይ ይስማማሉ፤ ኦርዌል ይህን በግልጽ ጽፎታል። ከዚያ የአሳማዎቹ አፈ ቀላጤ ስኩዊለር ይላካል፦ እኛ የአእምሮ ሠራተኞች ነን፣ የምንበላው ለእናንተው ብለን ነው፣ እኛ ከደከምን ጆንስ ይመለሳል። ሁሉም ጸጥ ይላል።

ኦርዌል በ1946 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊው ጸሐፊ ለድዋይት ማክዶናልድ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ወተቱና ፖሙ መሆኑን ተናግሯል። ወተቱ በጠፋበት ቀን ደግሞ እነዚያ ዘጠኝ ውሾች ገና አልተወለዱም፤ የተወለዱት ከአጨዳው በኋላ ነው። ያን ዕለት «ወተቱ የት ገባ?» ብሎ አጥብቆ ለሚጠይቅ የሚነክሰው አልነበረም።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። ሰባቱን ትእዛዛት ከምዕራፍ 2 ገልብጡ። ከዚያ የሚጨመሩትን ቃላት ከነምዕራፋቸው ጻፉ፦ ምዕራፍ 6 ላይ አልጋ የተከለከለው «ከነአንሶላው» ይሆናል፣ ምዕራፍ 8 ላይ መግደል «ያለ ምክንያት»፣ እዚያው መጠጥ «ከልክ በላይ»። በየቦታው ማን እንደጠረጠረና ማን እንዳነበበ ጎኑ ላይ አስፍሩ። ፈረሷ ክሎቨር ትጠረጥራለች፣ ፍየሏ ሙሪየል ታነባለች፣ ሁለቱም የተጻፈውን አምነው ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ለያንዳንዱ እንስሳ አንድ የታሪክ ሰው ሲፈልግ ይውላል። አያዋጣም፤ ሌኒንን ብቻውን የሚወክል እንስሳ የለም፣ ጉልበተኛው ፈረስ ቦክሰርም የሚወክለው መላውን ሠራተኛ ነው።

«ቤንጃሚን የመጽሐፉ ጥበበኛ ነው።» አህያው ከአሳማ እኩል ማንበብ ይችላል፤ አያነብም። ለጓደኛው ለቦክሰር እንኳ ያነበበው ወደ መታረጃ የሚወስደው ጋሪ ከጫነው በኋላ ነው።

«በጥላቻ ታውሮ ነው የጻፈው።» ኦርዌል እንስሳቱ የሠሩት የንፋስ ወፍጮ ሲፈነዳ፣ ስታሊንን የሚወክለውን ናፖሊዮንን ጨምሮ ሁሉም መሬት ላይ ተደፉ ብሎ ጽፎ ነበር። ከመታተሙ በፊት በ1945 እ.ኤ.አ. «ከናፖሊዮን በቀር» ብሎ አስተካከለው፤ ጀርመኖች ሞስኮ ሲደርሱ ስታሊን ከተማዋን ለቆ ስላልሸሸ፣ ያላደረገውን አልጽፍበትም ብሎ ነው።