«ጎበዝ መሐንዲስ ሁሉ ፕሮጀክት መምራት ይችላል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፕሮጀክት ማናጀር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሄልሜት ያደረገ መሐንዲስ ነው። ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ የሶፍትዌር ቢሮም ይህን ሙያ ይፈልጋሉ።

«ጎበዝ መሐንዲስ ከሆነ ይመራዋል።»
ስሌቱን ማወቁ ይጠቅማል። ዋናው ሥራ ግን ከሰው ጋር ነው። ደሴ ላይ ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) ሊሞላ ነው እንበል። ማናጀሩ ፎርማኑን «ለሐሙስ ይደርሳል?» ይለዋል። «ኧረ ይደርሳል፣ አታስብ!» ሰውየው ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሰው ፊት «አይደርስም» ማለት ይከብዳል። ልምድ ያለው ማናጀር አጠያየቁን ይለውጣል። «ባለ 12 ፌሮ ስንት በርጋ ገባ? ሚክሰሩ ተጠገነ? አናጺዎቹ ነገ ስንት ናቸው?» ይለዋል፤ ያውም ለብቻው፣ ሻይ ይዘው። ሐሙስ መድረስ አለመድረሱ ያኔ ራሱ ይወጣል።

«የሥራው ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ከተሠራ አለቀ።»
ቻርት መሳል ቀላሉ ነው። ከባዱ የትኛው ሥራ ሲዘገይ ሌላውን ሁሉ ይዞ እንደሚዘገይ ማየት ነው። የመሠረት ቁፋሮ ከግንቦት ሦስት ሳምንት ይንሸራተት እስቲ። የደሴ ክረምት ይገባል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ሦስት ሳምንቷ መስከረም ላይ ትገኛለች። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ከውጭ የሚመጣ ማሽንም እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ቢኖራትም፣ ከዚያ በፊት የውጭ ምንዛሬው፣ ኤልሲው (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ መርከቡና የጅቡቲው መንገድ አለ። እነዚህን ቀድሞ ያልቆጠረ ማናጀር ቻርቱ ቢያምርም ምን ዋጋ አለው?

«ፒኤምፒ ማለት ቀመር ሸምድዶ መፈተን ነው።»
ፒኤምፒ ዓለም አቀፍ የፕሮጀክት ማናጀርነት የምስክር ወረቀት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው የፈተና ይዘት 42 በመቶው ሰው መምራትን የሚመለከት ነው፤ ግጭት መፍታት፣ ቡድን ማብቃት፣ ባለድርሻዎችን ማግባባት። 50 በመቶው የአሠራር ሂደት፣ 8 በመቶው ደግሞ የድርጅቱ ቢዝነስ ነው።

«አጃይል መጣ፣ የድሮው ዘዴ ቀረ።»
የድሮው ዘዴ ሁሉን ቀድሞ አቅዶ በቅደም ተከተል መሥራት ነው፤ አጃይል ግን ሥራውን በአጫጭር ዙር እየከፋፈሉና እያሻሻሉ መሄድ ነው። የአጃይልን ማኒፌስቶ (የመርሆ መግለጫ) በ2001 እ.ኤ.አ. የጻፉት 17 የሶፍትዌር ሰዎች ናቸው። ለሞባይል አፕ ግሩም ነው። የተሞላ ሶሌታን ግን «በሚቀጥለው ዙር እናስተካክለዋለን» ማለት አይቻልም። ማናጀሩ ሁለቱንም ማወቅና የትኛው የት እንደሚሠራ መለየት አለበት።

«መጥፎ ዜና ለአለቃ አይነገርም።»
ይነገራል፣ ያውም ቶሎ። ባዶ እጅ ግን አይገባም፤ ስንት ቀን እንደሚዘገይ፣ ስንት ብር እንደሚጨምር፣ ምን አማራጭ እንዳለ ይዞ ነው። አለቃው ወሬውን ፒያሳ ቡና ሲጠጣ ከሌላ ሰው ከሰማው ግን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የማናጀሩን ቁጥር የሚያምን የለም።